ዕቃ ዕቃ፤ በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የትንሹ ቤትና የትንንሽ ዕቃዎች ታሪክ

በአዳማ፥ በሞጆ፥ በመቂ፥ በባቱና በሻሸመኔ ልጆች የሚጫወቱት፥ በመላው ኢትዮጵያም የታወቀ «ዕቃ ዕቃ» የተባለ ጨዋታ አለ። ልጆቹ ከግድግዳ ጥግ ወይም ከዛፍ ሥር ቦታ ይመርጣሉ፤ በጠጠር ወይም በመሬት ላይ በሚጫር መስመር ቤት ይከልላሉ፤ አንዱን ክፍል ማድ ቤት፥ አንዱን መኝታ ቤት፥ አንዱን ደጅ ይሉታል። ሦስት ጠጠር ጉልቻ ይኾናል፤ አሸዋው ጤፍ፥ ቅጠሉ ጎመን፥ የተፈጨው ጡብ በርበሬ ነው። አንዷ እናት፥ አንዱ አባት፥ ሌላዋ እንግዳ ትኾናለች፤ እንግዳይቱ ስትመጣም ቡና ይፈላል፥ ወሬ ይወራል፥ ስለ ጎረቤትም ይታማል። ሲመሽ እውነተኛዋ እናት ከቤት ትጣራለች፤ ልጆቹም ተነሥተው ሲሄዱ ቤቱ በእግራቸው ይፈርሳል።

የአንድን ሕዝብ የኑሮ ሥርዐት ለሚመረምር ሰው ይህ ጨዋታ ቀላል ነገር አይደለም። ማን ቀድሞ እንደሚቀመጥ፥ ማን እጅ እንደሚያስታጥብ፥ እናት በማን ፊት ድምፅዋን እንደምታሳንስ፥ አባት ከሥራ ሲመለስ ምን እንደሚል፥ ልጆች ያዩትን ሁሉ ሳይቀንሱ ይደግሙታል። ትልቅ ሰው ለጠያቂ የማይናገረውን በዚያ የጠጠር ቤት ውስጥ ይሰማል። ኾኖም የትንሹ ቤት ታሪክ እምብዛም አልተጻፈለትም። ታሪክ ጸሓፊ ከሰነድ፥ የቤተ መዘክር ሰው ከዕቃ ይነሣል፤ ዕቃ ዕቃ ግን ሰነድ የለውም፥ ዕቃውም ከአንድ ቀን አያልፍም። (ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በአውሮፓ ነገሩ ሌላ መንገድ ይዞ ሄዷል። የባቫርያው መስፍን አልብሬኽት 5ኛ በ1557 እና በ1558 በሙኒክ ያሠራው ቤት በታሪክ ከሚታወቁት የአሻንጉሊት ቤቶች የመጀመሪያው ነው ይባላል። ለልጅ መጫወቻ ተብሎ ቢታሰብ እንኳ ፍጻሜው የመስፍኑ ብርቅ ዕቃዎች በተከማቹበት አዳራሽ ኾነ፤ በ1674 በእሳት ጠፋ። በአምስተርዳም ደግሞ ፔትሮኔላ ኦርትማን የተባለች የሐር ነጋዴ ሚስት ከ1686 እስከ 1710 ገደማ ድረስ አንድ ትልቅ ቁም ሣጥን በትንንሽ ክፍሎች ከፋፍላ፥ ለእያንዳንዱ ክፍል ሥዕሉን፥ ወንበሩን፥ ሳሕኑን በየሙያው ባለሙያ እያሠራች ሞላችው። ያወጣችው ገንዘብ በዚያች ከተማ እውነተኛ ቤት ሊገዛ የሚበቃ ነበር። ቁም ሣጥኑ ዛሬ በአምስተርዳም በራይክስ ሙዚየም ይታያል። በእንግሊዝ አገርም መሐንዲሱ ኤድዊን ሉትየንስ ከ1921 እስከ 1924 ለንግሥት ሜሪ የሠራው ቤት ከእውነተኛው በ12 እጅ ያነሰ ነው፤ ይኸው የ12 እጅ ልክ እስከ ዛሬ ድረስ በምዕራቡ ዓለም የትንንሽ ዕቃ ሰብሳቢዎች የተለመደ መለኪያቸው ነው። ከነዚህ ሁሉ እጅግ ቀድሞ የግብፁ ሹም መከትሬ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2000 ዓመት ገደማ ከነ ጋጋሪው፥ ከነ ሸማኔው፥ ከነ ከብቱ በትንሹ ተቀርጾ የተሠራ ሀብቱን ወደ መቃብሩ አስገብቷል፤ ይህም በትንሹ የተሠራ ሀብቱ በ1920 ተገኘ። እንግዲህ ትንሽ ቤት ሠርቶ ማኖር በዓለም ታሪክ ከልጅ ይልቅ የባለጸጋ ትልቅ ሰው ልማድ ኾኖ ይታያል።

የአምስተርዳም ስም በአዳማ አጠገብ እንግዳ አይደለም። በወንጂ በ1954 ሥራውን የጀመረውን የስኳር ፋብሪካ ያቋቋመው በዚያች ከተማ የተመሠረተው ኤች ቪ ኤ የተባለው ኩባንያ ነበር። ሸንኮራው በተተከለበት ሜዳ ላይ የጅሌ ኦሮሞ አርብቶ አደሮች የከብቶቻቸውን ግጦሽ አጡ፤ በምትኩ የሠራተኛ መንደሮች በረድፍ ተሠሩ፤ ከከምባታ፥ ከሐዲያና ከወላይታም ብዙ ሰው ለሥራ መጣ። የተለያየ ቋንቋና የተለያየ ማእድ ያላቸው ቤተ ሰቦች ልጆች በአንድ ደጅ ላይ ተገናኙ። ከእንሰት አገር የመጣች ልጅ ጭቃውን ቆጮ፥ ከጤፍ አገር የመጣችው ደግሞ እንጀራ ብላ ብትጠራው ሊያስደንቅ አይገባም። ስለ ፋብሪካው ምርትና ስለ ሠራተኛው ደመወዝ ብዙ ተጽፏል፤ እነዚህ ልጆች በየትኛው ቋንቋ «ቡና ጠጡ» ይባባሉ እንደ ነበር ግን የጻፈ የለም፤ ያን ጊዜ የተጫወቱት ዛሬ አያቶች ናቸውና አኹንም ሊጠየቁ ይችላሉ።

በኢትዮጵያ ምድር ትንሽ ቤት መሥራት እጅግ ጥንታዊ መኾኑ የታወቀ ነው። በአክሱም አቅራቢያ በሐውልቲ በ1950ዎቹ መጨረሻ ሄንሪ ደ ኮንተንሶን የተባለው ፈረንሳዊ ባደረገው ቁፋሮ፥ ክርስቶስ ከመወለዱ በፊት በነበረው ሺህ ዓመት የተሠሩ የሸክላ ቤት አምሳያዎች ከበሬዎችና ከሴቶች ምስሎች ጋር ተገኝተዋል። የተገኙትም በጥንት ቤተ ጣዖት አጠገብ ስለ ኾነ የስለት ዕቃ ሳይኾኑ አይቀሩም። ይህን ሸክላ ከዛሬው የልጅ ጨዋታ ጋር በአንድ የዘር ሐረግ ለማያያዝ መሞከር ግን ስሕተት ነው። በሁለቱ መካከል ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ አለ፤ ከሁሉም በላይ አንደኛው ለአምላክ የተሰጠ፥ ሌላው ለማንም ያልተሰጠ ነው።

የዕቃ ዕቃን ዘመን ለመለየት የሚሻለው መንገድ ዕቃዎቹ ከምን እንደ ተሠሩ መመልከት ነው። ጭቃና ገል ዘመን የላቸውም። የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ሙያውን ስትማር እናቷ ከለቀቀችላት ጭቃ ትንሽ ጀበና፥ ትንሽ ድስት፥ ትንሽ ምጣድ ታበጃለች፤ ሲሰነጠቅባትም እንደ ገና ታቦካዋለች። ከዚህ የተረፈው ወይም በገበያ ቀን ለእናት ምርቃት ተብሎ የተጨመረው ወደ ጎረቤት ልጆች ይሄዳል። የማሽላ አገዳም እንደዚሁ የቈየ ነው፤ ልጆች ልጡን ከውስጡ ነጭ ቡጥ ለይተው፥ ልጡን እንደ ሚስማር እየወጉ አልጋ፥ መነጽርና ሞፈር ይሠሩበታል።

የበቆሎ አሻንጉሊት ግን ዘመን አላት። በክረምት መውጫ እሸቱ ሲደርስ ሴቶች ልጆች የቆረቆንዳውን ፀጉር ይጐነጕናሉ፥ ከልባሱ ቀሚስ ያበጃሉ፥ በጨርቅም ያዝሏታል። እጅግ ጥንታዊት ትመስላለች፤ ብዙ ሰውም ከአዳም ጀምሮ የነበረች አድርጎ ይገምታታል። በቆሎ ግን ከአሜሪካ የመጣ እህል ነው፤ ከ1492 በፊት በቀድሞው ዓለም አልነበረም። ስለዚህ ይህች ረዥም ፀጉር ያላት ሙሽራ ከግራኝ ዘመን በፊት በነበሩት ልጆች ጀርባ ላይ ልትታዘል አትችልም ነበር።

ከርሷም በኋላ የመጣው ቆርኪ ነው። የጠርሙስ ቆርኪ በ1892 በአሜሪካ ዊልያም ፔይንተር የፈጠረው ነው። በኢትዮጵያ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በ1922 ተቋቋመ፤ ኮካ ኮላም በአዲስ አበባ በ1959 መታሸግ ጀመረ። ቆርኪ የዕቃ ዕቃ ሳሕን፥ ምጣድ፥ የቡና ስኒ ኾኖ ከሸክላው ጋር በአንድ ማድ ቤት ገባ። በባቡርና በመኪና መንገድ ላይ በተቈረቈሩ ከተሞች ቡና ቤት ከየትም ይልቅ ስለሚበዛ፥ በአዳማና በሞጆ ቆርኪ ከደጅ ጠፍቶ አያውቅም። በጠጅ ቤት በብርሌ ይጠጣ የነበረው ሰው ወደ ጠርሙስ ማለፉን የልጅቱ ሳሕኖች ይመሰክራሉ። የሰርዲን ቆርቆሮ፥ የክብሪት ቀፎ፥ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ፥ እነዚህም ኹሉ እንደየገቡበት ዘመን ተራ በተራ በትንሹ ቤት ውስጥ ቦታቸውን ይዘዋል። አንድ የሥነ ቅርስ ተመራማሪ የመሬቱን ድርብርብ እንደሚያነብ፥ የአንዲትን ልጅ የዕቃ ዕቃ ጓዳ ከታች ወደ ላይ ማንበብ ይቻላል።

ወንዶቹ ልጆች ከቤቱ ይልቅ ደጁን ይወዳሉ። ከሽቦ የተሠራው መኪና የነርሱ ሥራ ነው፤ ጎማው ቆርኪ ወይም ከአሮጌ ነጠላ ጫማ የተቈረጠ ላስቲክ፥ መሪው ደግሞ ልጁ ቆሞ እየሮጠ እንዲነዳው ረዥም ሽቦ ነው። ጣሊያን በ1941 ድል ኾኖ ሲወጣ በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ ትቶት የሄደው «ትሬንታ ኳትሮ» የተባለው የጭነት መኪና ለብዙ ዓመት አገለገለ፤ ከርሱ በኋላ የመጡት ከባድ መኪናዎችም ለሽቦ ሠራተኛው ልጅ አርአያ ኾኑ። ልጆቹ የመኪናውን ዐይነት ከኮፈኑ ቅርጽ ለይተው ያውቃሉ፤ ስሕተት የሠራ ልጅ በጓደኞቹ ይሳቅበታል። በነዚህ ከተሞች ሕዝብ ሲመላለስበት የኖረው የፈረስ ጋሪም ተሳቢው በትንሹ ተሠርቶ ይታያል።

ዕቃ ዕቃ በልጅነት ያበቃል ቢባልም ሙሉ በሙሉ አያበቃም። በአዳማ ከተማ ኑሮው ደኅና የኾነ ሰው እንግዳ መቀበያ ክፍል ሲገቡ ከሁሉ አስቀድሞ ዐይን የሚያርፍበት ቡፌው ነው። ይህ ባለ መስተዋት ቁም ሣጥን ስሙን ከፈረንሳይኛ የወሰደ ሲኾን፥ በውስጡ ለእንግዳ ብቻ የሚወጡ ስኒዎችና ብርጭቆዎች ይደረደራሉ፤ ከነርሱ ፊት ደግሞ ለምንም የማያገለግሉ ትንንሽ ነገሮች አሉ፤ የአውራ ጣት ቁመት ያላት ጀበና፥ ከነ ክዳኗ የተሰፋች የእፍኝ መሶብ፥ የሸክላ ወፍ፥ ከቀንድ የተቀረጸ ዋንጫ፥ ከኢየሩሳሌም ወይም ከቁልቢ የመጣ መታሰቢያ፥ ልጅ ከውጭ አገር የላከው የመስተዋት ዝሆን። የቤቱ እመቤት እያንዳንዱን ከየት እንዳመጣችው ታውቃለች፤ ለዐውድ ዓመት አውጥታ ትወለውለዋለች፥ ወደ ቦታውም ራሷ ትመልሰዋለች፥ ልጅም እንዳይነካባት ትቈጣለች። ሠላሳና አርባ ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲሰበሰብ የኖረ ቡፌ ብዙ ነው። የፔትሮኔላ ኦርትማን ቁም ሣጥን ከዚህ በምን ተለየ ቢባል፥ በገንዘቡ ብዛትና በክፍሎቹ ቍጥር እንጂ በሐሳቡ ብዙም አይለይም። ኾኖም ያንን «ስብስብ» ብሎ መዝገብ የሚያዘጋጅለት ሲገኝ፥ ይህን ግን ሰው «ኮተት» ይለዋል፤ እመቤቲቱ ስትሞትም ልጆቿ ስኒውን ይካፈላሉ፥ ትንንሹ ነገር የሚገባበት አይታወቅም። ይህ ፍርድ ሚዛናዊ አይደለም።

የተማሩ ሰዎች ስለ ኢትዮጵያ ልጆች ጨዋታ መጻፍ የጀመሩት በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ነው። ፈረንሳዊው የቋንቋ ሊቅ ማርሴል ኮኸን በ1910 እና በ1911 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ከተመለሰ በኋላ ስለ ጨዋታዎች ጽፏል፤ ማርሴል ግሪዮልም በ1935 በፓሪስ ስለ ሐበሻ ጨዋታና መዝናኛ ሙሉ መጽሐፍ አሳትሟል። ሪቻርድ ፓንክኸርስት በ1971 ስለ ገበጣ ሰፊ ጥናት አወጣ። በአገር ውስጥ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የሥነ ሕዝብ ማኅበር በ1950ዎቹ መጀመሪያ ተመሥርቶ ተማሪዎቹ የየአገራቸውን ልማድ እንዲጽፉ አደረገ፤ ዕቃም መሰብሰብ ተጀመረ። በዚህ ሥራ የፖላንዱ ተወላጅ ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ዋና ደካሚ ነበር፤ በ1963 የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ሲቋቋም ስብስቡ ወደዚያ ገባ። የዚህ ቤተ መዘክር ትርኢት በኋላ ዘመን በሰው የዕድሜ ደረጃ እንዲከፈል ተደርጎ፥ ከልደትና ከልጅነት ጀምሮ እስከ ሞት ድረስ እንዲሄድ መደረጉ የሚያስመሰግን ነው፤ የልጆች ጨዋታ ከጦርና ከጋሻ ቀድሞ ክብር ያገኘበት አዳራሽ ብዙ የለምና። ቢኾንም በመስተዋት ውስጥ ሊቀመጥ የሚችለው የማይፈርሰው ብቻ ነው። ገበጣው ይቀመጣል፥ የጠጠሩ ቤት አይቀመጥም።

በኢትዮጵያ የትንንሽ ሸክላ መሰብሰብ በእውነት የዓለምን ዐይን የሳበበት ቦታ ከስምጥ ሸለቆው ርቆ በጎንደር አጠገብ ያለው የወለቃ መንደር ነው፤ በአዳማም ላለው ነገር ትምህርት የሚገኝበት ስለ ኾነ እዚህ ላይ ጥቂት መቈየት ያስፈልጋል። በወለቃ የቤተ እስራኤል ሴቶች ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። ጋኑን፥ እንስራውን፥ ምጣዱንና ጀበናውን ያለ መንኰራኵር በእጅ እያበጁ፥ በማገዶ ክምር ውስጥ በግልጽ እሳት ያቃጥሉት ነበር። ጎረቤቶቻቸው ዕቃውን ይገዙ፥ በቤታቸው ያበስሉበት ነበር፤ ሠሪዋን ግን «ቡዳ» እያሉ ይፈሯትና ይሸሿት ነበር። ይህ ክፉ ልማድ በነርሱ ላይ ብቻ አልነበረም፤ በሸዋ «ጠይብ»፥ በጉራጌ አካባቢ «ፉጋ»፥ በኦሮሞ መካከል አንጥረኛው «ቱምቱ» እየተባለ የእጅ ሙያ ያለው ሰው ከማእድና ከጋብቻ የሚገለልበት አገር ሰፊ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1908 ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ አስነግረዋል፤ ዐዋጁ መታወጁ ራሱ የስድቡን ብዛት ያሳያል።

ከ1950ዎቹ ወዲህ ጎንደርን ሊጐበኝ የሚመጣው እንግዳ ሲበዛ፥ የወለቃ ሴቶች ከእንስራው ይልቅ በእጅ የሚያዝና በሻንጣ የሚገባ ትንሽ ምስል መሥራትን አበዙ። የይሁዳ አንበሳ፥ ልጅ ያዘለች እናት፥ እህል የምትፈጭ ሴት፥ መጽሐፍ የያዘ ቄስ፥ በጣራው ላይ የዳዊት ኮከብ ያለበት ትንሽ ጸሎት ቤት፥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ በአንድ አልጋ ላይ ተኝተው። አንዳንድ ጸሓፊዎች ይህን «ለቱሪስት የተፈጠረ ነው» እያሉ ያቃልሉታል። ነገሩ ግን እንዲህ በአጭሩ የሚቋረጥ አይደለም። ገዢው አዲስ መኾኑ እውነት ነው፤ ጭቃው፥ እጁ፥ እሳቱ ግን የቀድሞው ነው። ደግሞም ከእናቷ ጭቃ ቈርሳ በሬና ሰው ማበጀት የሸክላ ሠሪ ልጅ ጨዋታ ኾኖ የኖረ ነው። ያ የልጅ ጨዋታ ገዢ ሲያገኝ የትልቅ ሴት ሙያ ኾነ፤ በጎረቤቷ ዘንድ የተናቀችበትም እጅ ከሩቅ አገር ሰው ዘንድ ገንዘብና አድናቆት አመጣላት። የአምስተርዳም ባለጸጎች ለትንሽ ወንበር ብዙ ወርቅ ሲከፍሉ ሥራው «ሐሰተኛ» የተባለበት ጊዜ የለም።

በወለቃው ታሪክ ውስጥ የሚያሳዝነው ሌላ ነው። ምስሎቹ በእስራኤልና በአሜሪካ ቤተ መዘክሮች፥ በብዙ ግለሰቦችም ቤት ይገኛሉ፤ በአብዛኞቹ ላይ ግን የሚነበበው የሕዝቡና የመንደሩ ስም ብቻ ነው፥ የሠሪዋ ስም የለም። በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 የሚበልጡ ቤተ እስራኤል በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ሲሄዱ ወለቃም ከቀደሙት ነዋሪዎቿ ባዶ ኾነች። ከዚያ በኋላ የቀሩት ጎረቤቶች ሸክላውን እየሠሩ፥ በመንገዱ ዳር ባለው የቀድሞው መንደር ስም ለጐብኚ ይሸጡ ጀመር፤ በእስራኤልም በቤርሳቤህ አንዳንዶቹ ሴቶች ሙያቸውን ቀጠሉ። ስለዚህ በሁለት አገር በሁለት እጅ የሚሠራ አንድ ዐይነት ምስል አለ። ስም በጊዜው ቢጻፍ ኖሮ የማን ልጅ ከማን እንደ ተማረች ዛሬ ሊታወቅ ይችል ነበር።

በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞችም ጊዜው እያለፈ ነው። ከአዲስ አበባ አዳማ የሚወስደው ፈጣን መንገድ በ2014 ተከፍቷል፤ መኪናው ስለማይቆምበት የመንገድ ዳር ሻጭ ከርሱ የሚያገኘው ነገር የለም። በገበያው የውጭ አገር ፕላስቲክ አለ፤ አንድ ሙሉ የማድ ቤት ዕቃ፥ ምድጃው፥ መጥበሻው፥ ሹካው በአንድ ከረጢት ታሽጎ ይሸጣል። ጉልቻ የለውም፥ ጀበናም የለውም። ልጆቹ ግን ፕላስቲኩን ተቀብለው ከቆርኪው አጠገብ ያኖሩታል፤ ጀበናውን ከጭቃ ይጨምሩበታል። ይህን በዐይናቸው ሳያዩ «የጥንቱ ጨዋታ ጠፋ» ብለው የሚያዝኑ ሰዎች ቸኩለዋል። እየጠፋ ያለው የሸክላ ሠሪዋ ትንሽ ዕቃ ነው፤ የብረት ድስትና የኤሌክትሪክ ምጣድ እናትየውን ከገበያ ሲያወጣት የልጅቱ መለማመጃም አብሮ ይቀራል።

የሚሰበሰበውን በሚመለከት ሥራው ከባድ አይደለም። ዕቃው በደረሰበት ቀን የሠሪዋን ስም፥ ከማን እንደ ተማረች፥ በየትኛው ቋንቋ ምን ብላ እንደምትጠራው መጻፍ፤ የጠጠሩን ቤት ሳይፈርስ በፎቶግራፍ ማንሣትና ክፍሎቹን ልጆቹ ራሳቸው እንደሚሉት መመዝገብ፤ የአሮጊቶችን ቡፌ እነርሱ በሕይወት ሳሉ ከነ ታሪኩ መቍጠር። የበቆሎው አሻንጉሊት እንኳ ከደረቀች በኋላ ብዙ ትቈያለች፤ ፀጉሯ ግን ሳይቈይ ይረግፋል፤ ስለዚህ የሚመዘግባት ሰው ከመስከረም ማለፍ የለበትም።